ሁለት ወር ብቻዬን ጫካ ልግባ ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «26 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከተማው አንገሽግሾኛል። ከጥቅምት ጀምሮ ለሁለት ወር ስልኬን ዘግቼ ስሜን ወይም ባሌ ተራራ ላይ ብቻዬን መኖር እፈልጋለሁ። የምይዘው ቢላዋ፣ ክብሪት፣ ጨው፣ ጋቢና አምስት ኪሎ በሶ ነው። ሌላውን ከዱሩ አገኛለሁ። ብዙ ቪዲዮ አይቼ ተዘጋጅቻለሁ። ባሕታውያንና አርበኞች የኖሩበት ዱር እኔን ለምን ያቅተኛል? እውነቱን ንገሩኝ።»

ወንድሜ፣ ሥራዬ ተራራ ላይ ሰው መምራትና አስጎብኚዎችን የመጀመሪያ እርዳታ ማስተማር ነው። እንዳንተ ያለ ጥያቄ ከወጣቶች ደጋግሞ ይመጣልኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። አጭሩ መልስ ግን ይህ ነው፦ ባሰብከው መንገድ አይሆንም። ወኔ ስላነሰህ አይደለም። ሂሳቡ አይሞላም። ከሂሳቡ ሌላ ደግሞ ብቻውን የሆነ ሰው የሚያጣው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱን ቆይቼ አነሳዋለሁ።

ከምግቡ እንጀምር። ተራራ ላይ የሚራመድ፣ እንጨት የሚለቅም፣ ሌሊት ከብርድ ጋር የሚታገል ወጣት በቀን 2,500 ካሎሪ ቢያንስ ያስፈልገዋል። ብዙ ቀን ከዚያም በላይ ያቃጥላል። አንድ ኪሎ በሶ 3,500 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። አምስት ኪሎህ 17,500 ሆነ ማለት ነው፤ የሰባት ቀን ቀለብ። ለ60 ቀን 150,000 ካሎሪ ትፈልጋለህ። በሶ ብቻ እየበጠበጥክ ልትኖር ብትል እንኳ ከ40 ኪሎ በላይ መሸከም አለብህ። አምስት ኪሎው ሲያልቅ ሰውነትህ የራሱን ስብ መብላት ይጀምራል። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። ምንም ካላገኘህ በየሦስት ቀኑ አንድ ኪሎ ያህል ስብ ይሄዳል። ቀጭን ልጅ ከሆንክ ከስቡ ጋር ጡንቻህም አብሮ ያልቃል። በጡንቻህ ነው ደግሞ እንጨት የምትለቅመው።

«ከዱሩ አገኛለሁ» ያልከውን እንየው። በአገራችን የዱር ፍሬ መኖሩ እውነት ነው። እንጆሪ፣ ቀጋ፣ አጋም፣ ኮሽም፣ ሾላ፣ እንኮይ፣ ቁርቁራ፤ ገጠር ያደገ ልጅ ሁሉንም ያውቃቸዋል። ግን ሁሉም የየራሱ ወቅትና የየራሱ ከፍታ አለው። እንኮይና ቁርቁራ የቆላና የወይና ደጋ ናቸው። አንተ ልትወጣበት ያሰብከው ከ3,500 ሜትር በላይ ያለው ውርጭ ምድር ላይ የምታገኘው ጓሳ፣ ጅብራና አስታ ነው። ዓይን ያጠግባሉ፤ ሆድ ግን አይሞሉም። ዝቅ ብለህ እንጆሪ አገኘህ እንበል። መቶ ግራም እንጆሪ 50 ካሎሪ ገደማ ነው። የቀን ፍላጎትህን በእሱ ለመሙላት አምስት ኪሎ መልቀም አለብህ፤ በየቀኑ። እረኞች የዱር ፍሬ የሚበሉት በምሳና በእራት መካከል ነው። ማታ ቤት ሲገቡ እናት ጋግራ ትጠብቃቸዋለች።

አደንስ? በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ወንጀል ነው። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን ሌላ መኖሪያ የለውም። የደጋ አጋዘንም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው የሁለት ወር ምኞት ሲባል አንዱም መነካት የለበትም። ሕግ ባይኖር እንኳ በቢላዋ ምን ታድናለህ? ጥንቸል ብትይዝ ሥጋዋ ስብ የለውም። ስብና እህል የሌለበትን ሥጋ ብቻ ለሳምንታት የበላ ሰው በምግብ መሃል ይከሳል። ጉበት በቀን ሊፈጭ የሚችለው የፕሮቲን መጠን ወሰን አለው። ተቅማጥና ድካም ይመጣል፤ እየበላህ ትራባለህ።

አሁን ያንተን እቅድ ያንተን በመሰለ ዕድሜ የሞከረውን ሰው ልንገርህ። ክሪስቶፈር ማካንድለስ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው፤ 24 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1992 መጨረሻ አላስካ ውስጥ ስታምፒድ በሚባለው የዱር መንገድ ብቻውን ገባ። የያዘው ምግብ በዋናነት 4.5 ኪሎ ሩዝ ነበር። ካንተ አምስት ኪሎ በሶ ጋር አስተያየው። እሱ ግን ካንተ የተሻለ ነገር ነበረው፦ ትንሽ ጠመንጃ፣ የሚበሉ ተክሎች መለያ መጽሐፍ፣ ከዚያም በላይ በመንገዱ ላይ ያገኘው የተጣለ አውቶቡስ። ምድጃ ያለው፣ ጣሪያ ያለው መጠለያ ማለት ነው። ሽኮኮና ወፍ እያደነ፣ ሥር እየቆፈረ ቆየ። በሰኔ ወር ሙዝ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ጣለ። ቋንጣ ማድረቅ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ልቡ ይሰበራል። ሥጋውን ቶሎ ዘልዝሎ፣ ጨው ነክቶ ነፋስ ላይ በመስቀል ፈንታ በጭስ ሊያቆየው ሞከረ። በዝንብና በትል ተበላሸበት። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሥጋ እጁ ገብቶ ወጣ። በማስታወሻው ላይ ባልገደልኩት ኖሮ ብሎ ተጸጽቷል።

በሐምሌ መጀመሪያ ሊወጣ ተነሳ። ሲገባ በቀላሉ የተሻገረው ቴክላኒካ ወንዝ በቀለጠ በረዶ ሞልቶ አገኘው። ተመለሰ። ከዚያ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ወንዙን የሚያሻግር በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ቅርጫት ነበር። ካርታ ስላልያዘ አላወቀም። በነሐሴ አውቶቡሱ ውስጥ ሞተ። በመስከረም መጀመሪያ አውሬ አዳኞች ሲያገኙት አስከሬኑ 30 ኪሎ ገደማ ነበር። ምክንያቱ ረሃብ ተብሎ ተመዘገበ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚነካን ነገር አለ። ልጁ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንድ የዱር ድንች ዘር እየለቀመ ይበላ ነበር። ድካሙ የዚያ ዘር ጥፋት እንደሆነ በማስታወሻው ጽፏል። ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ መላምት ቀረበ፦ ዘሩ ውስጥ ጓያ ውስጥ ያለው ዓይነት መርዝ ይኖራል፤ እግሩን ያሰረው እሱ ነው የሚል። ከዚያ በ2015 ምርመራው ወደ ሌላ መርዛማ ንጥረ ነገር አመለከተ። ክርክሩ አላለቀም። ለእኛ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ፎገራና ደንቢያ ያለ ገበሬ ጓያ ብዙ ሲበላ እግር እንደሚያሽመደምድ፣ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት እንደሚሻል፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል እንዳለበት ያውቃል። ይህን እውቀት ማንም ብቻውን አላገኘውም። ብዙ ሰው ሽባ ሆኖ፣ ብዙ እናት አይታ፣ ከትውልድ ትውልድ ሲነገር የመጣ ነው። መጽሐፍ ተክሉ ይበላል ይልሃል። ስንት ቀን በተከታታይ፣ በምን ያህል ረሃብ ላይ፣ ከምን ጋር የሚለውን የሚያውቀው እዚያ አገር የኖረ ሕዝብ ነው።

አውቶቡሱ በኋላ የጉብኝት ቦታ ሆነ። ያንን ወንዝ ሲሻገሩ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2019 ሁለት ወጣት ሴቶች ሞቱ። በ2020 የአላስካ መንግሥት በሄሊኮፕተር አንስቶ ወሰደው።

ወደ ባሕታውያንና ወደ አርበኞች ልምጣ፤ ጥያቄህ ውስጥ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ግን እንዴት እንደኖሩ በደንብ እንየው። አርበኞች አምስት ዓመት ዱር የቆዩት ብቻቸውን ነበር? ገበሬው እህል ያቀብላቸው ነበር። ሚስቶቻቸው ስንቅ ተሸክመው አብረው ዘምተዋል። ከተማ የተቀመጡት የውስጥ አርበኞች መድኃኒት፣ ጥይትና ወሬ ይልኩ ነበር። ሽፍታም እንደዚያው ነው፤ ወገን ያለው ሽፍታ ይኖራል፤ ወገን ያጣ ቶሎ ይያዛል ወይም ይሞታል። ባሕታዊም ከመሬት ተነስቶ ዋሻ አይገባም። መጀመሪያ ገዳም ገብቶ አባቶችን ያገለግላል። ጾሙን፣ ብርዱን፣ ዝምታውን ከሰው ጋር ሆኖ ይለማመዳል። በዋልድባ እህል የማይቀምሱ መነኮሳት ቋርፍ የሚባል የምናኔ ምግብ ይበላሉ። የቋርፍ አሠራር ግን የማኅበር ሥራ ነው፤ አንዱ ከሌላው የሚማረው ነው። ለብቻው የወጣውንም አባት ቢሆን አንድ የሚያውቀው ረድእ ወይም ገበሬ አለ።

የውጭውም ታሪክ ሲፈተሽ ያው ነው። ሪቻርድ ፕሮኔክ የሚባል አናጺ ዕድሜው ከ50 ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1968 አላስካ ሐይቅ ዳር በእጁ ጎጆ ሠራ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ገደማ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ኖረ። ድንቅ ሰው ነው፤ በጣም አከብረዋለሁ። ግን በየጊዜው ትንሽ አውሮፕላን እየመጣ ምግብ፣ ዕቃና ደብዳቤ ያደርስለት ነበር። እሱም አልደበቀውም። በቴሌቪዥን ውድድሮች ላይ ብቻቸውን የሚታዩትም ሰዎች የሳተላይት ስልክ አላቸው። ሐኪም በየጊዜው ይመዝናቸዋል። ክብደታቸው ከልክ በላይ ሲወርድ በግድ ያስወጧቸዋል። ቪዲዮው ላይ ይህን ክፍል ቆርጠው አያሳዩህ ይሆናል።

እሺ፣ ምግቡን በአህያ ጭነህ ሄድክ እንበል። ረሃብ ቀርፋፋ ነው። ከእሱ ቀድሞ የሚመጣው ብርድ ነው።

ጥቅምትና ኅዳር በደጋው ውርጭ የሚጥልበት ወቅት ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ባሌ ሳነቲ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ጠዋት ስትነሳ በመያዣህ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጋቢ ለዚህ አይበቃም። ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ ሳለ ይሞቃል፤ በጤዛ ወይም በላብ ሲርስ ግን ሙቀትህን ይስበዋል። የመንዝና የስሜን ሰው ብርዱን ያውቀዋልና የሚለብሰው የበግ ጠጉር ነው፤ ባና ወይም በርኖስ። ጠጉር ቢርስም እንኳ የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ከብርድ ልብስ በላይ ደግሞ ከመሬቱ መለየት ይቀድማል። መሬት ላይ የተኛ ሰው ሙቀቱን ለመሬት ሲያፈስ ያድራል።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ የሚሆነውን ልንገርህ። መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለህ። ጣትህ አልታዘዝ ይላል፤ ክብሪቱን መጫር ያቅትሃል። ምላስህ ይተሳሰራል። ትደናቀፋለህ። ከዚያ መንቀጥቀጡ ይቆማል። አንተ «ተሻለኝ» ትላለህ። ይህ የመጨረሻው አደጋ ምልክት ነው። አንዳንድ ሰው በዚህ ሰዓት ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል። አብሮህ ሰው ቢኖር አንደበትህ ሲያዝ ገና ያስቆምሃል፣ ደረቅ ልብስ ያለብስሃል፣ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ሻይ ይሰጥሃል። ብቻህን ከሆንክ ግን የሚያየው ዓይን የራስህ ነው፤ እሱም ደንዝዟል።

ቅድም ቆይቼ አነሳዋለሁ ያልኩህ ነገር ይህ ነው። ብቻህን ስትሆን ሁለተኛ አእምሮ የለህም። ብርድ፣ ረሃብ፣ ጥማት፣ የከፍታ ሕመም ሁሉም የሚያጠቁት መጀመሪያ ማመዛዘንን ነው። ስህተትህን በምታይበት ዓይን ላይ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ጎበዝ ሰው ራሱን ይቆጣጠራል የሚለው ነገር እዚያ አይሠራም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሰውነትህ ከፍታን ትንሽ ለምዷል፤ ይጠቅምሃል። ያም ሆኖ 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ቀን ተነድቶ የወጣ ሰው ራስ ምታትና ማስታወክ ሊጀምረው ይችላል። መንገዳገድና መቀባዠር ከመጣ ወዲያው መውረድ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ብዙ ጊዜ ታማሚው ራሱ «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ነው የሚለው። እጁን ይዞ የሚያወርደው ጓደኛው ነው።

ሌላው ነገር ትንሹ ጉዳት ነው። ሰው ስለ ዱር ሲያስብ ነብርና ጅብ ያያል። እኔን የሚያስፈራኝ የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት ነው። ከተማ ውስጥ ቁርጭምጭሚትህ ቢዞር ባጃጅ ጠርተህ ቤትህ ትገባለህ። ተራራ ላይ ብቻህን ከሆንክ ውሃው 200 ሜትር ርቆህ ትጠማለህ። ተቅማጥም እንዲሁ። ንጹህ የሚመስል የተራራ ምንጭ ላይ በጎች ከላይ ይውላሉ፤ ጃርዲያም አልቅትም አለ። ውሃህን አፍላ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆንክ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ቆይ። በ4,000 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተህዋሲያንን ለመግደል ይበቃል፤ ባቄላና ሽንብራ ለማብሰል ግን ቀኑን ሙሉ እንጨት ይበላብሃል። ፓርክ ውስጥ ደግሞ አስታ መቁረጥ ክልክል ነው። ስለዚህ የጋዝ ምድጃ ያዝ፤ ውሃ አጋርና ኦ አር ኤስም ቦርሳህ ውስጥ ይኑር።

ስለ እንስሳቱ ብዙ አልልም። ቀይ ቀበሮ ሰው አይነካም። ጭላዳም ካልጎነተልከው አይነካህም። በእውነት ተጠንቀቅ የምልህ ከእረኛ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀይ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን ደጋግሞ የፈጀ በሽታ ነው። ውሻ ከነከሰህ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ሩብ ሰዓት እጠበው፤ በዚያው ቀን ወደ ክትባት ጉዞ ጀምር። «ትንሽ ነው» ብለህ ብትተኛበት ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም። ቆላ ከወረድክ ደግሞ እፉኝት አለ። ቢነድፍህ ቦታውን አትብጣው፣ አትምጠጠው፣ በገመድ አትሰረው፤ እግሩን ሳታንቀሳቅስ ተሸክመው ወደ ሐኪም የሚወስዱህ ሰዎች ያስፈልጉሃል።

ስለ መጥፋት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቪዲዮ ላይ የሚነገር፣ ለአገራችን መሬት ግን የማይሆን ምክር አለ። «ከጠፋህ ወንዝ ተከተል፤ ሰው ታገኛለህ» ይላሉ። ለዚህ ምክር ማስረጃ ተደርጋ የምትጠቀሰው ጁሊያን ኮፕከ ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1971 የተሳፈረችበት አውሮፕላን ፔሩ ውስጥ በመብረቅ ተመትቶ በሰማይ ላይ ተበተነ። የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ከመቀመጫዋ ጋር ወደቀችና ተረፈች። በአንገቷና በትከሻዋ መካከል ያለው አጥንት ተሰብሮ፣ ቁስሏ ትል አፍርቶ፣ ጅረት ተከትላ ሄደች። በ11ኛው ቀን ሰዎች አገኟት። ወላጆቿ የዱር እንስሳት ተመራማሪዎች ነበሩ። ከእነሱ ጋር እዚያው ጫካ ውስጥ ኖራለች። ጅረት ወደ ወንዝ፣ ወንዝ ወደ ሰው እንደሚወስድ የነገራት አባቷ ነው። ለአማዞን ትክክል ነው፤ እዚያ ሰው የሚሰፍረው ወንዝ ዳር ነው።

የኛ ደጋ ግን ተቃራኒ ነው። ሰዉ የሚኖረው አምባው ላይ ነው። ወንዙ ገደል ይገባል። ስሜን ላይ ጅረት የተከተለ ሰው በመቶዎች ሜትር የሚወርድ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። የዓባይን ወይም የተከዜን ገባር ተከትለህ ብትወርድ ከሰው እየራቅክ፣ ወደ ሙቀትና ወደ ወባ እየገባህ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ከጠፋህ መጀመሪያ ቁም። ተቀመጥ። ውሃ ጠጣ። ገደል ከሌለበት በኩል ክፍት ኮረብታ ፈልግ፤ ጭስ፣ የውሻ ድምፅ፣ የቤተ ክርስቲያን ዛፎች፣ የከብት መንገድ ተመልከት። ፊሽካ ካለህ ሦስት ሦስት ጊዜ ንፋ። ከሌለህ ኡኡ በል። አትፈር። የገጠር ሰው ኡኡታ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ነው የሚመጣው። ሄሊኮፕተር አትጠብቅ። የሚያወጡህ ቃሬዛ የሚሸከሙ ገበሬዎች ናቸው።

ሲመሽብህ መንገድ አትፈልግ፤ ገደሉ በጨለማ አይታይም። ለመፀዳዳት እንኳ ከመንገድ ስትወጣ ቦርሳህን መንገዱ ላይ የሚታይ ቦታ አስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ሜይን ግዛት ውስጥ አንዲት ልምድ ያላት ተጓዥ ለመፀዳዳት ከመንገድ ወጣ አለችና መመለሻው ጠፋባት። ኔትወርክ ስላልነበረ የላከችው መልእክት አልደረሰም። ሳምንታት በሕይወት ቆይታ በድንኳኗ ውስጥ ሞተች። ያረፈችበት ቦታ ከመንገዱ ብዙም የራቀ አልነበረም። የተገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኮሎምቢያ ውስጥ ከአውሮፕላን አደጋ የተረፉት አራት ሕፃናትም 40 ቀን ጫካ ውስጥ ቆይተው ተገኝተዋል። ትልቋ 13 ዓመቷ፣ ትንሹ በአደጋው ጊዜ 11 ወሩ ነበር። የሚበላውን ፍሬ ከማይበላው የለየችው ትልቋ እህት ናት፤ የአገሬው ተወላጆች ስለሆኑ ከቤተሰቧ ተምራዋለች። ከአውሮፕላኑ ያገኙት የካሳቫ ዱቄትም ጠቅሟቸዋል። እነዚህ ልጆች አራት ነበሩ፤ እርስ በርስ ተጠባብቀዋል። ወታደሩና የአገሬው ሰው ደግሞ ሳያቋርጥ ይፈልጋቸው ነበር።

ስለ ዝምታው ደግሞ፣ ያንተ ዋና ፍላጎት እሱ እንደሆነ ከጥያቄህ ገብቶኛል። ብቸኝነት በመጀመሪያው ቀን ደስ ይላል። ጆሮህ ያርፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሥራ የሌለው ሌሊት ይረዝማል። ጥቅምት ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፎ ይጨልማል፤ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ ጨለማ ነው። አንድ ሐሳብ ይዞህ ይዞራል። የደከመ፣ የራበው፣ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ላይ ሲሆን ሐሳቡ ይከብዳል። ከተማው ያንገሸገሸህ ከድካም ነው ወይስ ከሌላ ጭንቀት? የመኖር ፍላጎትህ እንደ መቀነስ ብሎ ከሆነ፣ እለምንሃለሁ፣ ከተራራው በፊት የምታምነውን ሰውና የአእምሮ ጤና ሐኪም አነጋግር። ይህን ለሁሉም ጠያቂ እላለሁ፤ አንተን ነጥዬ አይደለም።

በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ሊታለፍ የማይችል ነገር አለ። በብዙ አካባቢ ጸጥታው አስተማማኝ አይደለም። ቢላዋ ይዞ፣ ሳይታወቅ ጫካ ውስጥ የሚያድር እንግዳ ወጣት ማን ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ይህ ካንተ ቅን ልብ ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም። አርሶ አደሩም ታጣቂውም ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ የትም ብትሄድ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝገብ፤ ስለ መንገዱ ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጠይቅ። ስሜን ፓርክ ውስጥ ያለ ስካውት መጓዝ ከመጀመሪያውም አይፈቀድም። ስካውቱን እንደ ጠባቂ ብቻ አትየው። ደመናውን አይቶ ሌሊት ምን እንደሚመጣ የሚነግርህ እሱ ነው።

ታዲያ ምን ታድርግ? መሄዱን አትተው። መንገዱን ቀይረው።

መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ሳትርቅ መናገሻ ሱባ ደን ሂድ። ፈቃድ ጠይቀህ፣ ከአንድ ጓደኛህ ጋር አንድ ሌሊት እደር። ማታ ብርዱን፣ ጨለማውን፣ የምግብ ሥራውን ቅመስ። ስትመለስ የረሳኸውን ዕቃ ጻፍ። ከዚያ ድገመው፤ በዚህኛው ጊዜ ጓደኛህ ድምፁ በሚሰማህ ርቀት ድንኳኑን ይትከል፤ አንተ ለብቻህ እደር። ይህ ብዙ ያስተምራል። ቀጥሎ ባሌ፣ ዲንሾ ላይ ተመዝግበህ ከአካባቢው መሪና ፈረስ ጋር ለጥቂት ቀን ተጓዝ። መሪህን ጠይቀው፦ ይህ ተክል ምን ይባላል? ምንጩ በየትኛው ወር ይደርቃል? በረዶ ሲጥል የት ትጠለላላችሁ? ከእረኛ ልጅ ጋር አንድ ቀን ብትውል ካየሃቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ይበልጥብሃል። ዝምታ ከፈለግክ ቀን ቀን ከመሪህ ተለይተህ በሚታይህ ኮረብታ ላይ ብቻህን ተቀመጥ። ስልክህንም ዝጋው፤ ግን ባትሪው ሙሉ ሆኖ ኪስህ ውስጥ ይኑር።

ቤት ለቀረ አንድ ሰው የምትሄድበትን ቦታ፣ የምትመለስበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ጽፈህ ስጠው። «በዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ለእነ እገሌ ደውል» የሚል ቁጥር ይኑርበት። አሜሪካዊው ተራራ ወጪ አሮን ራልስተን እ.ኤ.አ. በ2003 ዩታ ውስጥ እጁ በቋጥኝ ሥር ተይዞ አምስት ቀን የቆየው፣ በመጨረሻም ክንዱን ቆርጦ የወጣው፣ የት እንደሄደ ለማንም ሳይናገር ስለሄደ ነው። የሚጠብቀው ሰው ቦታውን ቢያውቅ ኖሮ ፍለጋው ቀድሞ በትክክለኛው ስፍራ ይጀመር ነበር።

ዕቃህን በተመለከተ፣ በሶውን አትተወው፤ ምርጥ የተራራ ምግብ ነው። ውሃና ጨው ብቻ ይበቃዋል፤ እንጨት አይፈልግም። ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ቴምር ጨምርበት፤ ስብና ስኳር ያስፈልግሃል። ከጋቢው ላይ ስሊፒንግ ባግና ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ ተከራይ። ወፍራም ላስቲክ፣ ፊሽካ፣ የራስ ባትሪ፣ ሁለት ላይተር፤ ላይተሮቹን በተለያየ ኪስ አድርጋቸው። ቢላዋ ትንሽ ቢሆን ይበቃል።

የምትሄድበትን ወርና መንገድ ስትወስን ጻፍልኝ፤ የቀኑን ርቀትና የማደሪያውን ከፍታ አብረን እናየዋለን። ጫማህን ግን ከአሁኑ ግዛ። አዲስ ጫማ አድርጎ ተራራ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ተረከዙ ይላጣል። ቢያንስ አንድ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ተራመድበት፤ እንጦጦ ዳገት ላይም በወፍራም ካልሲ ሞክረው።